ዘማርያም የልደትን የሰርግ ሲዲ እንደ ገለበጠ

ዘማርያም በካርቱም በካፉሪ ሰፈር በአንድ ቪላ ደጃፍ በዘበኝነት በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ይኸውም በ፳፻፭ ዓመተ ምሕረት በወርኃ ግንቦት፣ ፀሐይ የካርቱምን ቆርቆሮ ባጋለችበት ሰሞን፣ የእኅቱ ልጅ ልደት ልትዳር ሆነ፤ እናቷም ከወሎ መምጣት አልሆነላትምና የሙሽራ መሸኛዋን ዘፍና በስልክ ቀድታ ላከች። ሙሽራይቱን የሚወስደው የሹፌሩ የበሽር አሮጌ አምጃድ ግን ከሲዲ በቀር ሌላ የማይቀበል ሚኒባስ ነበርና፣ የገመድ ሁሉ አዋቂ፣ የፍላሽ ጌታ ዘማርያም ለመገልበጥ ተነሣ።

ሠራዊቱም ይህ ነበር፤ ባትሪው የሞተ፣ ክዳኑም በላስቲክ የታሰረ ላፕቶፕ፣ ከሱቅ ዐረቢ የመጡ ሦስት ባዶ ሲዲዎች፣ ባለቤቱም ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከነካውያዋ። ካውያው በተሰካ ቁጥር መብራት እየጠፋ ሁለቱ ሲዲዎች መሐል ላይ ተበላሽተው ወደቁ። አንድ በቀረ ጊዜ ይህ አዋጅ ወጣ፦

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ። ሲዲው እስኪያልቅ መርወሓ ይቁም፣ ተላጃ ይነቀል። ካውያ የሰካ ሰርጉ ላይ እንዳላየው። ያላ፣ ኸላስ።»

ማራገቢያውም ቆመ፣ ፍሪጁም ዝም አለ፣ ቤተሰቡም በላብ ተጠመቀ። ሲዲው የሚይዘው ሰማንያ ደቂቃ ሲሆን የእናቲቱ ድምፅ ብቻውን ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ ዘፈኑ አራት ደቂቃ፣ የቀረው ሰላምታ ነበርና። ዘማርያምም የእኅቱን ሰላምታ መቁረጥ ነውር መስሎት ቀዳሚውን ስፍራ ሰጣት፤ ስለ እርሷም እጅግ የሚወዳቸውን ሦስት ዘፈኖች አሰደደ፣ አዘነም። በዘጠና ከመቶው ላይ የሻሽወርቅ ወደ ሶኬቱ ብትቀርብ በጀርባው ጋረደው። ሲዲውም እንደ ትኩስ ዳቦ ወጣ።

በሰርጉ ዕለት አምጃዱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ እናቲቱ ገና የአክስቶችን ሰላምታ ታደርስ ነበር። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ አዋጅ አወጣች፦

«እማዬ ሳትጨርስ አልወርድም። ዐም በሽር፣ ሊፍ፣ አንዴ ዙርልኝ።»

በሽርም ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ቄሶቹም ይህ ዑደት ከወዴት መጣ እያሉ ቆመው አዩ። በሦስተኛው ዙር እናቲቱ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዘፈነች፤ ዜማው ዘንበል ያለ፣ ድምፁም የሻከረ ነበር። ልደት ኩሏ እስኪወርድ አለቀሰች፣ ዘማርያምም በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ላቡን ጠረገ፤ ላብ መሆኑን ይህ ጸሐፊ አይምልም።

እንግዲህ ክብር ለዘማርያም ይሁን። እኅቱን ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቪዛ ከወሎ አምጥቶ ከልጇ አጠገብ ያስቀመጠ ዘበኛ ከእርሱ በፊት በካርቱም አልተሰማም።