ሁለተኛዋ ጭ

እኛ ጎጃሜዎች ዝምታን ለማመስገን ስንት ቃል እንደምንፈጅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንላለን። በደርግ ዘመን ግን ተረቱ ተረትነቱ ቀረና የቤት ደንብ ሆነ። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምታችኋል፤ ልጅ ያለው ሰው ከግድግዳው ይልቅ የሚፈራው ልጁን ነበር። ግድግዳ ቢሰማም ደጅ ወጥቶ አያወራም።

እኔና ባለቤቴ ሞጣ አስተማሪዎች ነበርን። ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር አንድ ግድግዳ ስለምንጋራ በዓይን መነጋገር ለመድን። ወጡ ጨው አንሶታል ብለን እንኳ የምንነቃቀፈው በሹክሹክታ ነው። እኔ በብርድ ልብስ ተከናንቤ የውጭ ሬዲዮ ስሰማ ልጃችን «ባ… ባ…» ካለ፣ አንዳችን ጣታችንን ከንፈራችን ላይ አድርገን «ጭጭ» እንለዋለን። እሱም ጨዋ ልጅ ነው፤ ጭጭ ይላል።

ስሙን ልሳነወርቅ ያሉት አማቴ ናቸው፤ ቢቸና የቅኔ መምህር ናቸውና ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ልጁ ሦስት ዓመት ሞላው፤ እንኳን ወርቁ ሰሙም አልመጣ። ጎረቤቶች የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ አፉ ላይ አዙሩለት አሉን፤ አዞርን። አልተከፈተም። የቆለፍነው እኛ መሆናችንን ማን ይንገረን?

ክረምት ላይ አማቴ ማኅበር ደገሱና ቢቸና ወረድን። እሳቸው ደጅ ለልመና የሚቆም የቆሎ ተማሪ እንኳ ሲለምን ቤት ይመታል፤ እኔ እዚያ ቤት አፉን ያልፈታ ልጅ ይዤ ገባሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ቶንሲል አሞት ነው እያልኩ ዋሸሁ። የኔታ ሊመርቁ ብድግ አሉ። ልጄ ከእናቱ ጭን ወርዶ ፊታቸው ቆመ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

«ጭጭ።»

ባለቤቴ አቀረቀረች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የኔታ ግን ቀስ ብለው ተቀመጡና እኔን አዩኝ።

«ልጄ፣ ሕፃን ያልሰማውን ከየት ይዘርፋል? ቅኔም እኮ የሚዘረፈው ከተሰማ በኋላ ነው። እናትና ልጁን እዚህ ተውልኝ።»

እኔ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሞጣ ተመለስኩ። የአገሩን ሽማግሌ ሀ ሁ አስቆጥራለሁ፤ የልጄን አፍ ሌላ ሰው ይፈታዋል። ኋላ ባለቤቴ እንደነገረችኝ የኔታ ምንም የተለየ ነገር አላደረጉም። ጋቢያቸውን ሲለብሱ ጋቢ፣ ዝናብ ሲጥል ዝናብ እያሉ ያወሩታል፤ ይጠይቁታል፤ የሚመልስ ይመስል ዝም ብለው ይጠብቁታል። «ባ» ካለም እንደ ትልቅ ሰው ነገር አዳምጠው ይመልሱለታል። ይኸው ነው። ይኸው ነው ማለት መቻሌ ራሱ ያሳፍረኛል።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ሄጄ፣ አፉን የፈታ ልጄንና እናቱን አመጣሁ። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ አጠገቤ ካኪ የለበሰ የማውቀው የሞጣ ካድሬ ተቀምጧል። ልሳነወርቅ ጭኔ ላይ ሆኖ በሬውንም ዛፉንም ሲቆጥር ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«አባዬ፣ ሬዲዮ ስትሰማ ለምን ብርድ ልብስ ትከናነባለህ?»

ለካ አፉ እንጂ ጆሮው ተቆልፎ አያውቅም። ጣቴ ሳላዘው ተነሣ። «ጭ…» አልኩ። ልጄ አፉን ሊገጥም ሲል አየሁትና ሁለተኛዋን ጭ ዋጥኳት። አንዳንዴ ፊደል ከአጥንት ይልቅ ጉሮሮ ይቧጥጣል።

«ጆሮዬን ስለሚበርደኝ ነው» አልኩት።

ካድሬው መስኮት መስኮቱን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሞጣ ብርድ ክፉ ነው» አለ። «እኛም ቤት እንከናነባለን።»

ሁለት ጎልማሶች በሰምና ወርቅ ተነጋገርን፤ በቀጥታ የጠየቀ ሕፃኑ ብቻ ነው። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ ካድሬውም ደፋ። ልሳነወርቅ ግን እስከ ሞጣ ድረስ ለአፍታም ዝም አላለ፤ እኛም ዝም በል አላልነውም።