የጋሽ መልከጼዴቅ ባዶ ቦታ

ከሦስት በላይ ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ የማያውቀው ነገር የሌለ አንድ ሰው አይጠፋም። ናይሮቢም ሂዱ ዱባይ፣ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃችኋል። ለጁባ የደረሷት ክቡር ጋሽ መልከጼዴቅ ናቸው። ካስተም ገበያ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ሁሉንም ነገር ያውቃሉ። ጀነሬተር ቢያጓራ ምክንያቱን፣ የኡጋንዳ ጭነት ቢዘገይ የሾፌሩን የቤት ጣጣ ሳይቀር ይነግሯችኋል። ሲጨርሱ "ማፊ ሙሽኪላ!" ይላሉ፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ይጀምራል።

በቀደም ተራው የዓፊፋ ነበር። ዓፊፋ ፕሮግራመር ናት። ማንም ከፍቶ እንዲጠግነው በነፃ የተለቀቀ የካርታ ፕሮግራም ወስዳ፣ የውሃ ቦቴዎች ደንበኞቻቸውን የሚያገኙበትን ካርታ ስትሠራ ሁለት ወር ሆኗታል። የቦቴዎቹ ባለቤት ሰማን አራት ሰዓት ላይ መጥቶ ሊያይ ነው፤ ካልሠራ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ካርታው የንያኩሮንን ሰፈር ደህና አድርጎ ያሳይና ኮር ዊሊያም ሰፈር ሲደርስ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ትቶት የሚሄደው መልእክት አንድ ነው፤ የሌለ ነገር ጠራሁ ይላል።

"ሙቀት ነው" አሉ ጋሽ መልከጼዴቅ፣ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ወደ ሥራ ቦታዋ እንደገቡ። "ካልሆነም ባትሪው ነው። አውጪና ፀሐይ ላይ አስጪው።"

"ሙቀት ነው ካሉ በኋላ ፀሐይ ላይ፣ ጋሼ?"

"የላፕቶፕ ሙቀትና የፀሐይ ሙቀት አንድ ነው እንዴ? ተይ እንጂ ልጄ!"

ዓፊፋ ስህተቱን መስመር በመስመር ተከተለችው። መጨረሻ ላይ አንድ ግቢ ጋ አደረሳት። ፕሮግራሙ የየግቢውን ባለቤት ስም ይጠራል፤ ስሙ ካልተገኘ "አይታወቅም" የሚለው መመረጥ አለበት። እዚህ ግን ስምም "አይታወቅም"ም የለም። ከሥሩ "መዝጋቢ፦ መልከጼዴቅ" ይላል።

አዎ፣ እሳቸው ናቸው። ሱቃቸውን ዘግተው ሦስት ሳምንት በዚያ ፀሐይ በር ለበር የዞሩላት፣ የሻይ እንኳ አልቀበልም ያሉ እሳቸው ናቸው። አራት መቶ ግቢ መዝግበዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ግቢ የማን ነው?"

መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ። "እሱ ጉዳይ ገና እየተጠና ነው።"

"አላወቁትም?"

"ውሻው መች አስጠጋኝ!" አሉ ተቆጥተው።

"እንግዲያው 'አይታወቅም' ልበለው?"

ድምፃቸው ወረደ። "በኔ ስም፣ ዓፊፋ?"

ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል። አንዲት ቃል ብትጽፍ ያልቅላታል። ፊታቸውን ስታይ ግን አንጀቷ አልጨክን አላት። የፕሮግራሙን ሆድ ዕቃ ከፍታ፣ ባዶ ሲያጋጥመው ሳይወድቅ እንዲያልፍ ታስተካክለው ጀመር። አንዴ ተሳሳተች፤ ደግማ ጻፈች። ሰማን በር ላይ "አሰላሙ ዓለይኩም" ሲል ኮር ዊሊያም ከነግቢዎቹ ብቅ አለ።

ሰማን ሦስቴ ነካክቶ አየው። "ታማም፣ ደህና ነው" አለ፤ "ነገ እንጀምር።" ጋሽ መልከጼዴቅ ቦቴ እንዴት እንደሚነዳ ሊያስረዱት ተከትለውት ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ዓፊፋ ጥገናውን ፕሮግራሙን በነፃ ለለቀቁት ሰዎች ላከች። ከሩቅ አገር አንዱ መልሶ ጠየቃት፦ "'አይታወቅም' የሚል ምርጫ እያለ ማን ነው ባዶውን የሚተወው?"

ረጅም ማብራሪያ ጻፈችና አጠፋችው። ከዚያ "አንድ በጣም የምወደው ሰው" ብላ ላከች።