«ረጋ በሉ» ባዩ አቶ ዋለ

እግዚአብሔር ለየወረዳው አንድ «ረጋ በሉ» ባይ ሳይመድብ አልቀረም። ለእኛ ለእስቴዎች የደረሱን ክቡር አቶ ዋለ ናቸው። ስማቸውን ያወጣው ሰው ነቢይ ነበር፤ ሰላም ለማለት የገቡበት ቤት ይውላሉ።

ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ጡሩምባውን እየነፋ እኛ ስንጋፋ እሳቸው ጫማቸውን ይወለውላሉ። «ረጋ በሉ፤ ደብረ ታቦር እንደሆነ የትም አይሄድም።» እውነት ነው፤ የሄደው አውቶቡሱ ነው። የጎረቤት ጣሪያ በተቃጠለ ጊዜም «ረጋ በሉ፣ መጀመሪያ ነፋሱን እንወቅ» ብለው ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ቆሙ። የነፋሱ ነገር ታውቆ ሲያበቃ እሳቱ የሚበላውን ጨርሶ ጠፍቷል።

እኚህ ሰው የደም መርማሪ ሆነው አዲስ አበባ ትልቅ ሆስፒታል ተቀጠሩ ሲባል ሳቅሁ። አምና ግን የእኅቴ የፋንቱ ልጅ፣ የአራት ዓመቷ ውባለም፣ ከንፈሯ እየጠቆረ ቢያስቸግራት ልቧን ኦፕራሲዮን ልትደረግ እዚያው ሆስፒታል ገባች። ሳቄም ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልቧ እስኪጠገን ደሟ ከሰውነቷ ወጥቶ ልቧን ተክቶ በሚሠራ መኪና እየዞረ ይመለሳል። መኪናው ውስጥ እንዳይረጋ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ማርከሻ ተሰጥቷት መርጋት አለበት፤ አለዚያ ፈሶ ያልቃል። ይህን የሚጠብቁት አቶ ዋለ ናቸው። ጥቂት ጠብታ በብልቃጥ ይቀበላሉ፣ በመዳፋቸው ያሞቁታል፣ በየግማሽ ደቂቃው ዘንበል አድርገው ያያሉ።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ረፋዱ ላይ በክፍሉ በር ብቅ ብለው «አልረጋም» አሉን፣ ደግሞ ፈገግ ብለው። ፋንቱ «ወየው ልጄን» ብላ ደረቷን መታች።

«ረጋ በይ እንጂ ፋንቱ። እስከ ቀትር ባይረጋ ነው ደጉ።»

ከቀትር በኋላ ልቧ ተሰፍቶ ማርከሻው ተሰጠ። ሐኪሙ ደረቷን ሊዘጉ ሲነሡ አቶ ዋለ ብልቃጡን ዘንበል አድርገው «ገና ነው ዶክተር፣ ረጋ ይበሉ» ማለታቸውን አብራ የነበረች ነርስ ኋላ ነገረችን። ሐኪሙ ቆሙ፤ ማርከሻ ተጨመረ። በዚያች ሕፃን ገላ ውስጥ ያለው ደም እንደሆነ ስንት ሊሆን።

እኛ ደጅ ነን። ፋንቱ በሩ ላይ አፍጥጣ «አያ ዋለ፣ ዛሬስ ፍጠኑ» ትላለች። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እባክህ አምላኬ አታስቸኩላቸው ብዬ ለመንሁ።

በዘጠኝ ሰዓት ወጡ። ብልቃጡን ፋንቱ ፊት ገለበጡት፤ ጠብ አላለም።

«ረጋልሽ» አሏት። «ደረቷም ተዘጋ፣ ከንፈሯም ቀላ።»

ፋንቱ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። እሳቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ውሃ ለመኑ። ብልቃጡን ግን ገና በሁለት እጃቸው እንደያዙት ነበር። ብርጭቆውን እኔ ይዤ አጠጣኋቸው፤ ቀስ እያልሁ፣ እስኪበቃቸው።