ያልተለሰነው ዩኒቨርሲቲ

(አሰብ፣ መስከረም 1963 ዓ.ም.፤ የጫኔ ደጅ። ጫኔ የነዳጅ ማጣሪያው ዘበኛ ነው። ልጁ እቴናት አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ መግቢያ አግኝታለች፤ የዛሬው አውሮፕላን ካመለጣት የምዝገባው ቀን ያልፋል። ጫኔ ከሥራው ንቅንቅ ማለት አይችልም። እናቷ አበዛሽ ደግሞ፣ ልጄ ያለ አጃቢ አትሄድም ብላ ሻንጣው ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታቸው ግድግዳ ለሳኙ ሣህሉ ከመግቢያ ደብዳቤው ጋር የመጣውን የሕንፃ ፎቶግራፍ ይዞ፣ ይሄ ገና አላለቀም ማለት ከጀመረ ግማሽ ሰዓት ሆነው።)

ሣህሉ፦ እየው እንጂ፣ ራቁቱን ነው። ኮንክሪቱ ላይ የጣውላው ጭረት እንኳ በልስን አልተሸፈነም።

ጫኔ፦ አውቀው እንዲያ ሠርተውት ይሆናላ።

ሣህሉ፦ አንተ በርህን ጠብቅ፣ ሕንፃውን ለእኔ ተው። እዚህ ያልተለሰነ ግድግዳ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጨው ይበላዋል።

ጫኔ፦ አዲስ አበባ ባሕር አለ እንዴ?

ሣህሉ፦ ዝናብ አለ።

ጫኔ፦ እነዚህ ደረጃው ላይ የቆሙትስ?

ሣህሉ፦ ሠራተኞች ናቸዋ።

ጫኔ፦ ከረባት አስረዋል።

ሣህሉ፦ ተቆጣጣሪዎች ይሆናሉ።

ጫኔ፦ መጽሐፍም ይዘዋል።

ሣህሉ፦ የሥራ ውል ነው። የትልቅ ሕንፃ ውል ይወፍራል።

(ጫኔን ነገር ቶሎ አይገባውም ይሉታል፤ እሱም ተከራክሮ አያውቅም። ወደ ሰማይ አየና፣ እንግዲያው ልጅቷ እዚሁ ትቅር አለ። አበዛሽ ቀና ብላ አየችው።)

ጫኔ፦ እኔን የገረመኝ፣ ያን የሚያህል ግድግዳ የሚለስን ሰው እንዴት ታጣ?

ሣህሉ፦ (ፎቶግራፉን ወደ ዓይኑ አቅርቦ) ይታጣል እንጂ። የእኔን ዓይነት እጅ ከየት ይመጣል?

ጫኔ፦ ቀድሞ የደረሰ ሰው ሥራውን ያገኘዋል ማለት ነው።

ሣህሉ፦ አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው?

ጫኔ፦ በስድስት። ቦታም አለው አሉ። ግን ዝም ብሎ የመጣን ሰው ዘበኛ አያስገባም፤ እኔም አላስገባም። ደብዳቤ ያላት እቴናት ናት።

ሣህሉ፦ እንዲያ ከሆነ አብራኝ ትሂድ። እስከ በሩ እኔው አደርሳታለሁ፣ አደራውን ለእኔ ስጠኝ።

(የልስን ዕቃውን ሊያመጣ እየሮጠ ወጣ። አበዛሽ ከሻንጣው ላይ ተነሣች።)

እቴናት፦ አባባ፣ እውነት ሕንፃው አላለቀም?

ጫኔ፦ ካለቀ ዓመት አልፎታል። ከፎቶግራፉ ጀርባ ተጽፏል።

እቴናት፦ ታዲያ ጋሼ ሣህሉን ለምን አልነገርከውም?

ጫኔ፦ መቼ ፋታ ሰጠኝ? ደግሞ አዲስ አበባ የሚለሰን ግድግዳ አይታጣም። (ኮፍያውን አውልቆ) ተመስገን ጌታዬ። እኔ አጃቢ ብቻ ለመንኩህ፤ አንተ የራሱን ትኬት የሚገዛ ሰጠኸኝ።