የቁርጥራጭ ጨርቅ አቀማመጥ በእኛ ቤት

ሻያችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ወሬ አለኝ። ስለ ጨርቅ አቀማመጥ ነው። አውቃለሁ፣ ግማሾቻችሁ ልትነሱ ነው። ቆዩ እንጂ! እኔ ደክሞኝ እያወራሁ እናንተ ለመስማት አትድከሙ።

ቤት የሚጠበው በሰው ብዛት ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። ሰው ጠዋት ይወጣል፤ ሥራ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ የሚሄድበት ቢያጣ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ዕቃ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል። ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ደግሞ ቀድሟችሁ አልጋው ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

የእኔ ዕቃ ጨርቅ ነው። ቁርጥራጭ እየቀጣጠልኩ የአልጋ ልብስ እሰፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ስልክ ላይ እያየሁ፣ እየሰፋሁ፣ መልሼ እየተረተርኩ ለመድኩት። እናቴ «ድሪቶ» ትለዋለች። እኔ ደግሞ ቀለም ከቀለም ሲጣጣም ስለሚመጣው ውበት ሰፋ አድርጌ አስረዳታለሁ። ሰምታ ስትጨርስ «ጥሩ ድሪቶ ነው» ትላለች።

ጨርቁን የማገኘው ሽሮ ሜዳ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ነው። የጥለት ጫፍ፣ የቀሚስ ትርፍ፣ ጠርገው ሊጥሉት የነበረውን ሁሉ ይሰጡኛል። መጀመሪያ አንድ ፌስታል ነበር። ቀጥሎ አንድ ማዳበሪያ ሞላ፤ ሌላም ተጨመረ። ከዚያ ሰፈሩ ሰማ። ያረጀ መጋረጃ፣ ለልጅ የጠበበ ዩኒፎርም፣ የተቀደደ አንሶላ ይመጣልኝ ጀመር። ጉለሌ ዳገቱን ወጥታ መጋረጃ ያመጣችላችሁን ጎረቤት «አልፈልግም» በሏት እስቲ! ከእነዚህ አንዷ እትዬ ዘነበች ክምሩን አይታ እናቴን «ሰው ሲያብድ ጨርቁን ይጥላል፤ ያንቺው ደግሞ ይሰበስባል» አለቻት። መጋረጃውን ግን ትታ ሄደች።

ይህ ሁሉ የሚኖረው በትርፉ አልጋ ላይ ነበር። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከፍቼ ከተማ ለዓይናቸው ሕክምና ሊመጡ መሆኑ እስኪሰማ ድረስ ማለቴ ነው። ቀጠሯቸው ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ ማረፊያቸው ያው እኛ ቤት።

«ሐሙስ እትዬ ትመጣለች» አለች እናቴ። «ያኔ ይህ አልጋ ባዶ ካልሆነ ልዋጩን እጠራለሁ።»

«እማዬ፣ ይህ እኮ ስብስብ ነው!»

«እንግዲያው ሰብስበው።»

ልዋጭ ታውቃላችሁ፤ በር ለበር እየጮኸ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ የሚሰጠው። እናቴ ደግሞ ሳፋ ትወዳለች። ፈራሁ።

ሥራ ጀመርኩ። በመጀመሪያ በቀለም ለየሁ። ለዓይን ያምራል፣ ግን ተንኮል አለው፤ ቀይ የሽመና ጨርቅና ቀይ ናይለን አንድ ላይ ይገባሉ። ሽመና ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ናይለን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱን አጋጥማችሁ ከሰፋችሁ የአልጋ ልብሳችሁ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ያኮረፈ ፊት ይመስላል። ስለዚህ አፈረስኩትና በዓይነት ለየሁ፤ ምክንያቱንም ለእናቴ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ካርቶን ቆርጬ በእሱ ልክ ሁሉንም እኩል አጠፍኩ፣ በክር አሰርኩ። ስልክ ላይ የሚያስተምሩኝ ሴቶች ለጨርቅ ብቻ የሚሆን ክፍል አላቸው፤ አንዷ «ትንሿ ክፍሌ» ብላ ያሳየችው እኔና እናቴ የምንኖርበትን ቤት ያህላል። እኛ ያለን በሩ አልዘጋ ያለ ቁም ሳጥንና ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ብፌ ነው። ረቡዕ ወገቤ እስኪቆረጥ ሠርቼ ሁሉንም በሥርዓት ደረደርኩት።

አልጋው ላይ።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ «አንተ እትዬን ከመናኸሪያ ተቀበል፤ አልጋውን እኔ አየዋለሁ» አለችኝ። እንግዳ መቀበል አይቀርም፤ ልቤን ቤት ትቼ ሄድኩ። አክስቴን ደግፌ ስንመለስ አልጋው ላይ አንዲት ክር አልነበረችም። ከፍ ያለ፣ በነጭ አንሶላ የተሸፈነ ፍራሽ ብቻ። እንግዳ ፊት «ጨርቄስ?» አይባልም። ሻንጣ የማስቀምጥ መስዬ ከአልጋው ሥር አየሁ። ጓዳ ገብቼ አዲስ ሳፋ ፈለግኩ። የለም።

አክስቴ አረፍ አሉ። «ውይ! ይህ ምን ዓይነት ፍራሽ ነው? ወገቤን ደግፎ ያዘኝ እኮ!»

«የልጅሽ ሥራ ነው፣ እትዬ» አለች እናቴ፣ እኔን ሳታይ።

ጓዳ ተከትዬያት ገብቼ በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«ማስቀመጫ አይደል የቸገረህ? የፍራሽ ልብስ ውስጥ ከትቼ ሰፋሁልህ።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሲሄዱ መቀስ ይዤ ተንበረከክሁ። ልጨርሰው የደረስኩት የሕፃን አልጋ ልብስ አረንጓዴ ጎድሎት ነበር። ጠርዙን ስንዝር ያህል ተረተርኩና እጄን ከተትኩ። እናቴ አንዱንም እስር አልፈታችም። ወፍራሙ መጋረጃ ከታች፣ ሽመናው መሐል፣ ስሱ ከላይ፤ ሁሉም ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ተነጥፏል። ያ ሁሉ ማብራሪያዬ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የኖረ መስሎኝ ነበር። ለካ ትሰማኝ ኖሯል።

አረንጓዴው ላይ ሳልደርስ በሩ ተከፈተ። አክስቴ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ እናቴን ተደግፈው ገቡና ቀጥታ ወደ አልጋው። መቀሱን ኪሴ ከተትኩ።

«ሐኪሙ ምን አሉ?» አልኩ።

«ሁለተኛው ዓይን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው አሉኝ፣ ልጄ። እስከዚያ እዚሁ ነኝ። እኔ እኮ በገዛ ቤቴም እንዲህ ተኝቼ አላውቅ» አሉና ጋደም ከማለታቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

እናቴ የተተረተረውን አየች፤ እኔንም አየች። መርፌና ክር አቀበለችኝ። «እትዬ ሳትነቃ ስፋው።»

ሰፋሁት።

እናንተም ሞክሩት። ጨርቃችሁን በዓይነት ለዩ፣ እኩል እጠፉ፣ ወፍራሙን ከታች ስሱን ከላይ አድርጋችሁ ፍራሽ ልብስ ውስጥ ስፉት። ዝናብ አያገኘውም፣ ልዋጭ አያየውም። ለማውጣት ብቻ ነው ትንሽ የሚያስቸግረው፤ የተኛ ሰው እንዴት ይቀሰቀሳል? ግን ሞክሩት።