ሰፈሩ ሁሉ ያየው የዘፈን ውድድር

ሰው ላለማስቀየም የምንዋሻትን ውሸት ውሸት ብሎ የሚጠራት ሰው ልደታ ውስጥ አላጋጠመኝም። ሆዳችን እየጮኸ «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» እንላለን፤ ጠውልጎ ያገኘነውን በሽተኛ «ዛሬስ ተሽሎሃል» እንለዋለን። ደግነት ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው፣ የሰናይት ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ የለም፤ በኛ መንደር ያለው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ የነበራቸው ጋሽ ወልዴ ቤት ብቻ፣ ዳንቴል ለብሶ በክብር ይቀመጣል። ታዲያ በቴሌቪዥን የልጆች የዘፈን ውድድር ተጀመረና ግጥሙንም ዜማውንም ልጆቹ ራሳቸው ይድረሱ ተባለ። የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ ሰናይት፣ ገና የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማጣሪያውን አለፈች። ስለ እናቷ ነው የደረሰችው ተባለ እንጂ አንዲት ስንኝ እንኳ ለማንም አላሰማችም። «እማዬ በቴሌቪዥን ነው የምትሰማው» ብላ ድርቅ አለች።

አስካለ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ያን ጊዜ ግን መርፌ መያዝ አቅቷት አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። እንደማትተርፍ ከልጇ በቀር ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች። «ይህን ዘፈን ልስማና ይውሰደኝ» ትለኝ ነበር።

ውድድሩ በቀጥታ በሚተላለፍበት ምሽት ከነወንበሯ ተሸክመን ጋሽ ወልዴ ሳሎን አስገባናት። ቤቱ ሞላ፤ የተረፈው መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። አስተዋዋቂው የሰናይትን ስም እንደጠራ መብራት ድርግም አለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «የአድኃሪያን ሥራ ነው!» አሉ በጨለማው ውስጥ። መብራቱ ሲመጣ ዜና ተጀምሯል።

ቆየት ብሎ ሰናይት ከቴሌቪዥን ጣቢያው ተመልሳ እየሮጠች ገባች።

«እማዬ፣ አየሽኝ?»

«አይቼሻለሁ እንጂ! እንዴት አምሮብሽ ነበር!» አለቻት አስካለ።

እናትየዋ ይህን ካለች እኛ ማን ነን? ጋሽ ወልዴ ድምጿን አደነቁ፣ ሊቀመንበሩ አቋቋሟን። ሕፃናቱንም አፋቸውን እንዲይዙ አስጠነቀቅናቸው። ሰፈራችን እንዲህ በአንድ ቃል ሲስማማ በቀበሌ ስብሰባ እንኳ አላየሁም።

ከዚያ በኋላ አስካለ «እስቲ ያን ዘፈን ድገሚልኝ» ብትላት «እሱንማ ሰምተሽዋል! አዲስ እየደረስኩልሽ ነው፣ ትንሽ ጠብቂኝ» አለቻት። ልጅ አይደለች፤ የትናንቱ ዘፈን ዛሬ አርጅቶባታል። እውነቱን ንገሪያት ብዬ አስካለን ለመንኳት።

«ያን ደስታዋን እንዴት ብዬ ልንጠቃት?» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ግጥሙ ምን ይል ይሆን?»

ትራሷን አስተካከልኩላት።

አዲሱ ዘፈን ሳያልቅ አስካለ ሞተች።

ለቅሶው ላይ ሰናይት ጥቁር ለብሳ ድንኳኑ ውስጥ መሀላችን ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ እንዲያውም እኛን የምታጽናናው እሷ ናት። «እንኳንም ዘፈኔን ሰማችልኝ» አለች። «ሰምታዋለች አይደል?»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው «ሰምታለች እንጂ!» አለ። ጋሽ ወልዴማ «እንባዋ ሁሉ መጥቶ ነበር» ብለው ጨመሩላት።

«የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ መሆን አለበት» አለች ሰናይት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ እየፈካ።

አዎ፣ እዚያ ላይ ነው አልናት። ያቺ ስንኝ ምን እንደምትል ዛሬም ድረስ አላውቅም።