ካናዳ ሰማይ ላይ የሌለው ኮከብ

ወገን፣ ይኼን አንብባችሁ አንፎሎው ብታደርጉኝ አልቀየምም።

በእኔ አንድ ፖስት የተነሳ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት ሐኪም ቤት ሄደው ጭንቅላታቸውን ተመርምረዋል።

አልቀለድኩም! ዛሬ ነው የሰማሁት። ቸርች ውስጥ። ሰው ሁሉ ባለበት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር እኔና ባለቤቴ ቢኒ አሥረኛ ዓመታችንን ለማክበር ቫንኩቨር አይላንድ ሄድን። ሆቴሉ ውቅያኖሱ አፍንጫ ስር ነው። ክፍላችን የራሱ ዴክ (የእንጨት በረንዳ) አለው። ዴኩ ላይ ሁለት የሚያስተኙ ወንበሮች፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ቴሌስኮፕ ሳይቀር! ጋደም ብላችሁ ኮከብ ስታዩ ታመሻላችሁ ነው የሚለው ዌብሳይቱ።

ዋጋውን አትጠይቁኝ። ቢኒም እስካሁን በትክክል አያውቀውም።

ቡክ ካደረግኩበት ቀን ጀምሮ አፌ አላረፈም። ሰፈራችን ፔንብሩክ ሜዶውስ ውስጥ ያልሰማ ጎረቤት የለም። የምሠራው የጥርስ ክሊኒክ ነው፤ አፉን ከፍቶ የተጋደመ ታካሚ ሁሉ ስለ ዴኬ ሰምቷል። ምን ያድርግ? መልስ መስጠት አይችልም!

ደረስን። መሸ። ዴካችን ላይ ወጣን።

ጉም።

በሁለተኛውም ቀን ጉም። በሦስተኛው ጉምና ዝናብ። ኮከቡ ይቅርና የዴኩን አጥር ማየት አቃተን። ቢኒ ቴሌስኮፑ ላይ ተደፍቶ ቆየና "ሕሊና፣ ነይ ነይ! አንድ ነገር አየሁ!" አለ። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ።

የራሱ ሽፋሽፍት ነው።

(አዎ፣ ስሜ ሕሊና ነው። እባካችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጀምሩኝ።)

እስቲ ፍረዱ። ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ የጉም ፎቶ ይዤ ካልጋሪ ልመለስ? ኢንተርኔት ላይ ገባሁና ውቅያኖስ ላይ ኮከብ የተዘራበት ፎቶ ፈለግኩ። ከሁሉ የሚያምረውን አወረድኩ። "ከዴካችን ላይ" ብዬ ፖስት አደረግኩት። ከስሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ጨመርኩበት።

ጥቅስ! በተሰረቀ ሰማይ ላይ!

ቢኒ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ "ይኼ ነገር ልክ አይመስለኝም" አለ።

"ሰማይ ያው ሰማይ ነው" አልኩት።

ላይኩ ጎረፈ። ግማሹ የቸርቻችን ኳየር "ተባረኪ" ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ተባረክሁ፤ ረሳሁት።

እስከ ዛሬ።

ከአምልኮ በኋላ ታች ባለው አዳራሽ ምሳ እየበላን ነው። ጋሼ ወርቅነህ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። ዶቨር ሰፈር ከልጃቸው ከማርታ ጋር የሚኖሩ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ መርከበኛ ነበሩ። መርከቧ በየት በኩል እንደምትሄድ ኮከብ አይተው የሚያሰሉት እሳቸው ነበሩ።

ይኼን አውቅ ነበር። ፖስት ሳደርግ ግን ትዝ አላለኝም!

እጃቸው ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። ዘረጉት። የእኔ ፎቶ ነው። በከለር ፕሪንት ተደርጎ፣ በእርሳስና በማስመሪያ መስመር ተሰምሮበታል።

"ሕሊናዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።"

"ይጠይቁኝ ጋሼ!" አልኩ። በኩራት እንዴት እንደሞቀኝ!

"እነዚህ አራቱ ይታዩሻል? የደቡብ መስቀል ይባላሉ። ከምፅዋ ስንወጣ ግንቦት አካባቢ አድማሱ ላይ ዝቅ ብለው እናያቸው ነበር። ከካናዳ ግን አይታዩም። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።"

የያዝኩትን ዳቦ ሰሃኔ ላይ መለስኩት።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ አሰላሁት" አሉ። "በምንም ስሌት አይመጣም። አንቺ ደግሞ አትዋሺም። ስለዚህ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ።"

አንቺ ደግሞ አትዋሺም። ሰምታችኋል አይደል?

ማርታ ሰሃኗን እንደያዘች ከኋላቸው ቆማለች። "ሐሙስ ዕለት ሺፍቴን ለሰው ሰጥቼ አባዬን ዶክተር ጋ ወሰድኩት። ሜሞሪ ቴስት አደረጉለት። ሰዓት ሣል፣ ቃላት ድገም አሉት። ምንም የለበትም ተባለ፤ እሱ ግን አላመነም።"

"ዶክተሯ ደህና ነህ አለችኝ" አሉ ጋሼ። "እሷ ግን ኮከብ አታውቅም።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የመኪናዬን ቁልፍ ለማርታ ሰጥቻታለሁ። ይኼን የረሳ ሰው ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ መንዳት የለበትም።"

ወገን፣ አሁን ጥሩ ሰው ምን ያደርጋል? ወዲያው እውነቱን ይናገራል።

እኔ ምን አልኩ?

"ጋሼ... ምናልባት ክላይሜት ቼንጅ ይሆን?"

ቢኒ ሹካውን አስቀመጠና ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

ጋሼ ወርቅነህ ግን አልሳቁም። ትንሽ አሰቡ። ከደረት ኪሳቸው እርሳሳቸውን አወጡና ያልኩትን ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሊጽፉት ጎንበስ አሉ።

እዚያ ላይ አቃተኝ።

"ጋሼ፣ አይጻፉት! ፎቶው የእኔ አይደለም። ከኢንተርኔት ነው የወሰድኩት። እኛ ያየነው ጉም ብቻ ነው። አንድ ኮከብ እንኳ አላየንም። ይቅር ይበሉኝ።"

እርሳሱ አየር ላይ ቀረ። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ወረቀቱን አዩ።

"ማርታ" አሉ።

"አቤት አባዬ።"

"ቁልፌን።"

ቁልፉ እጃቸው ሲገባ ብድግ አሉ። ዝምተኛ ብያችሁ ነበር? ያ ሰው መርከብ ላይ በማዕበል መሃል የሚጮህበት ድምፅ ለካ እስካሁን ውስጡ አለ።

"ወገኖቼ! አልረሳሁም! ውሸት ነው! ፎቶው ውሸት ነው!"

ነገሩ ያልገባቸው እናቶች እልል አሉ። በሕይወቴ ውሸቴ ሲጋለጥ እልልታ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ፓስተሩ ምስክርነት መስሎት ማይክ ይዞ እየሮጠ መጣ። ጋሼ ማይኩን ተቀበሉና ወደ እኔ አቀበሉት።

አዎ። በማይክ ደገምኩት። የሽፋሽፍቱንም ጭምር ተናገርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አዳራሹ ሳቀ። ቢኒ "እኔን ምን አገባኝ?" ሲል ማይኩ ያዘው።

ከዚያ ፓርኪንግ ላይ ጋሼን ፈልጌ ሄድኩ። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተቀምጠዋል። መስኮታቸው ክፍት ነው።

"ጋሼ፣ በጣም አዝናለሁ። ይኼን ያህል ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም።"

"አልተቀየምኩሽም ብልሽ እኔም ዋሸሁ" አሉ። "ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሴን ፈርቼ ነው የከረምኩት። ጠዋት ስነሳ የልጄን ስም፣ የሚስቴን ስም፣ የመርከባችንን ስም እየጠራሁ ራሴን እፈትን ነበር። ሌሎቹም ጠፍተውብኝ እንደሆነ ብዬ።"

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ቀልዴን አይደለም።

አልቅሼ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ስጨርስ መሃረብ ሰጡኝ፤ እሱም የተተኮሰ ነው!

"ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ይላል ተብሏል" አሉ። "ከኤርድሪ ከተማ ወዲያ መብራት የማይደርስበት ቦታ አውቃለሁ። ከቢኒያም ጋር ትመጫለሽ። ከዚህ አገር ምን እንደሚታይ አንድ በአንድ አሳይሻለሁ።"

"እሺ ጋሼ። እኔ ልንዳ?"

"እኔ ነኝ የምነዳው!"

መኪናቸውን አስነሱ። ትንሽ ሄዱና ቆሙ፤ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

"ስልክሽን ቤት ተዪው!"

ፖስቱን አጥፍቼዋለሁ። ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ይቅርታ፤ "ተባረኪ" ያላችሁኝም ቃላችሁን መልሳችሁ ውሰዱ።

አሁን የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው ሰማይን ፎቶ ሳያነሳ ሲያይ እጁን የት ነው የሚያደርገው?